ከድንጋይ እስከ ድንጋይ

የእንድሪስን ሞት የነገረችኝ ልጁ ዘሐራ ናት። ስልኩን ሳነሳ፣ "እትዬ በላይነሽ፣ አባዬ አለፈ" አለችኝ። እኔ ደሴ ነኝ፤ እነሱ ኮምቦልቻ። በእስልምና ሬሳ አያድርም። ጉልበቴን እየጎተትኩ ሚኒባስ ይዤ ቁልቁለቱን እስክወርድ ቀብሩ አልቆ፣ ሰዉ ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

እዚያ አንድ ሻሽ የጠመጠሙ ሽማግሌ፣ "እንድሪስ ሰው ሳይበድል የሞተ ነው" አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ደሜ ፈላ። ለቅሶ ቤት ነውና አፌን በነጠላዬ ይዤ ተቀመጥኩ እንጂ፣ ውሸት ነው ብዬ ልነሳ ነበር። እንድሪስ በድሏል። መበደሉንም ያውቅ ነበር። የመጨረሻ ሁለት ዓመቱን የኖረው፣ "በድለሃል" ሊሉት የሚገባቸውን ሰው እየፈለገ ነው። በሕይወት እያለ ነፈጉት፤ ሞቶም ድንኳኑ ውስጥ ነፈጉት።

ስለዚህ እኔ እጽፈዋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደልሽ ወፍራም ነው ይሉኛል የልጅ ልጆቼ። ወፍራም ከሆነ ከሩቅ ይነበባል።

የእንድሪስ ጋራዥ ኮምቦልቻ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነበር። እኔ እዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመሣሪያ ክፍል ጠባቂ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቁልፍ፣ ክሪክ፣ መዶሻ፣ ሁሉም በእኔ እጅ ይወጣል፣ በእኔ እጅ ይገባል። የወሰደ ይመልሳል፤ ያልመለሰ በማግሥቱ ሌላ አይወስድም። አንድ ጊዜ ራሱ እንድሪስ አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ረስቶ ቤቱ ሄደ። ጠዋት መጥቶ መዶሻ ሲጠይቀኝ፣ "የትናንቱን ሳታመጣ አልሰጥም" አልኩት።

"ግቢው የማን ነው?" አለኝ።

"ያንተ ነው። ሕጉ ግን የሁሉም ነው።"

ሠራተኛው ሁሉ ዛሬ ተባረረች ብሎ እጁን አጣጥፎ ቆመ። እንድሪስ ቤቱ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ቁልፉን አምጥቶ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትቶ "ሕግ አውጪዋ" ይለኝ ጀመር።

አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበር። ጆሮው ላይ እርሳስ አይጠፋም። መኪና ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል። የሰው መሪ ከመያዙ በፊት እጁን በመጋዝ ዱቄትና በሳሙና እስከ ክርኑ ይታጠባል፤ "የሰው ቤት ነው የምገባው" ይላል። ሲናደድ አይጮህም፣ ይልቁንም ድምፁ ይቀንሳል። በጣም ሲናደድ ጨርሶ አይሰማም፣ ከንፈሩን ነው የምታዩት።

ጋራዡ ሌላ ጥገናም ይሠራል። እንድሪስን ግን ሰው ከሩቅ አገር የሚፈልገው ለአንድ ሥራ ነበር። የእኛ አገር መንገድ ዳገትና ጭቃ፣ ከዚያም ኮረት ነው። ፒካፕ ያለው ሁሉ ከመሬት ከፍ ልበል ብሎ ትልቅ ጎማ ያስገባል። ጎማው ሲተልቅ መኪናው ይደክማል፤ ዳገት ላይ ያቃስታል። ያኔ እንድሪስ ዘንድ ይመጣሉ።

"ጎማ ጫማ ነው" ይላቸዋል። "ልጅ የአባቱን ቦት ጫማ አጥልቆ ዳገት አይወጣም። እግሩን እናጠንክርለት።"

ከኋላ ጎማዎቹ መሃል ያለውን ዲፈረንሻል ያወርድና ውስጡ ያሉትን ሁለት ጥርሳም ብረቶች አውጥቶ፣ ለትልቅ ጎማ የሚስማሙትን ይገጥማል። ከገጠመ በኋላ ጥርሶቹን ቀለም ይቀባል፣ በእጁ ያዞራል፣ ቀለሙ የተፋቀበትን ያያል። ጫፍ ላይ ከተፋቀ "አልተስማሙም" ይልና እንደገና ይፈታል። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ሲፈታ አይቻለሁ። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ሲነጫነጭ፣ "ባልና ሚስት ነው የማስታርቀው፤ ቁጭ በል" ይለዋል።

ከዚያ ቆጣሪው ይመጣል። ይህን ነገር እኔም ያወቅሁት ከእሱ ነው። የመኪና ፍጥነት ቆጣሪ ጎማውን አያየውም፤ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደዞረ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጎማው ከተለቀ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን የድሮው ጎማ ያለ እየመሰለው አሳንሶ ይናገራል። ሾፌሩ በስልሳ እየሄድኩ ነው ሲል መኪናው ሰባ ይሄዳል። የዲፈረንሻሉ ጥርስ ሲቀየር ደግሞ ስሌቱ እንደገና ይለወጣል። ይህን ሁሉ የምታስተካክለው አውራ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ጥርስ ናት፣ የቆጣሪውን ገመድ የምታዞረው። እንድሪስ ከአሮጌ መኪና የፈታቸውን እነዚህን ጥርሶች በአንድ የወተት ጣሳ ሞልቶ ያስቀምጥ ነበር። ልኳን እስኪያገኝ አንዷን ያወጣል፣ አንዷን ያስገባል።

ሌላ ጋራዥ ይህን አይነካም። ደንበኛው አይጠይቅማ። አንድ ቀን አንዱ ባለመኪና፣ "ተወው ባክህ፣ ቆጣሪ ማን ያያል" ሲለው እንድሪስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሳታየው ከሄድክ በራስህ ነው። አይተህ አምነኸው ከሄድክ በእኔ ነው" አለው። ይህችን አባባሉን ያኔ እንደ ጉራ ነበር የሰማኋት።

የሚለካው በመንገድ ዳር ድንጋይ ነው። ከኮምቦልቻ ወጣ ሲሉ ሜዳው ላይ መንገዱ ቀጥ ይላል። ቁጥር የተጻፈባቸው ነጫጭ ድንጋዮች ቆመዋል፤ ከአንዱ እስከ ሌላው አንድ ኪሎ ሜትር ነው። መኪና በስልሳ ሲሄድ ከድንጋይ እስከ ድንጋይ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል፣ አይተርፍም አይጎድልም። እሱ መርፌዋን ስልሳ ላይ ይዞ ይነዳል። ሰዓት የምይዘው እኔ ነበርኩ።

"ለምን ከሠራተኞቹ አንዱን አትወስድም?" ብዬዋለሁ።

"እነሱ እኔ እንድደሰት ብለው ስልሳ ይሉኛል። አንቺ ማንም እንዲደሰት ብለሽ አታውቂም።"

ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። በዚያ ዕድሜዬ ከፒካፕ ጋቢና ተቀምጬ፣ ሰዓት በእጄ ይዤ፣ የሰው መኪና ልክ ነው አይደለም የምል እኔ። የፊተኛው ድንጋይ ሲያልፍ "ጀመርኩ" እላለሁ፣ ሁለተኛው ሲደርስ "ደረስን"። "ስንት?" ይላል። "ሃምሳ አራት" ካልኩ መኪናው ፈጥኗል፣ ቆጣሪው ዋሽቷል ማለት ነው። ተመልሰን ጥርስ እንቀይራለን። ስልሳ እስክል ድረስ መኪናው ከግቢ አይወጣም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ክረምቱ ከባድ ነበር። ዝናቡ ካባራ በኋላ የገራዶ አንድ ሾፌር መጣ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሠርተንለት የሄደ ነው። ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት፣ "ጋሽ እንድሪስ፣ ቆጣሪው ይዋሻል" አለ።

"ማን ነገረህ?"

"ስልኬ። ቆጣሪው ስልሳ ሲል ስልኬ ስልሳ ሰባት ይላል። እየው።"

እንድሪስ ስልኩን አላየውም። "ስልክህ ከየት ሆኖ ነው የሚለካው?"

"ከሳተላይት ነዋ። ከሰማይ።"

"እኔ ከመሬት ነው የምለካው። መኪናህ ሰማይ ላይ መሄድ ሲጀምር በሱ ትመራለህ።"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። "ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ አንተ፤ ቁጥር ልታስተምረኝ ነው?" አልኩት። አንገቱን ደፍቶ መኪናውን አዙሮ ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ ጀማል መጣ። የቢስቲማ ሰው ነው፣ የሸህ ይመር ልጅ። ማሽላ ይጭናል፤ በገበያ ቀን ደግሞ ሰው ይጭናል። ትልልቅ ጎማዎቹን አስገብቶ፣ መኪናው ዳገት እምቢ ብሎት ነው የመጣው።

እንድሪስ ጎማውን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ "ይህን ሁሉ ለመኪናው ነው ለሰርግህ?" አለው።

"ሰርጉማ አለፈ ጋሽ እንድሪስ። ሦስት ወልጄ ነው ያማረኝ።"

"ሚስትህ ምን አለች?"

"መሰላል ግዛልኝ አለች፣ ለመውጣት።"

ሦስት ቀን ጋራዡ ውስጥ ከረመ። ሥራውን ቆሞ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ሲፈታ ብሎን ያቀብላል። ቆጣሪው ላይ ስንደርስ የነገረን ነገር ከእኔ ጆሮ አልወጣም። "ለሚስቴ ምዬላታለሁ" አለ፤ "ሰው ከጫንኩ ከስልሳ አልወጣም። ወላሂ ብዬ። ስለዚህ ይህችን መርፌ ልክ አድርጉልኝ። መሐላዬን የያዘችልኝ እሷ ናት።"

እንድሪስ ወደ እኔ ዞሮ፣ "እንዲህ ያለ ሾፌር አምጡልኝ" አለ። ሜዳው ላይ ወጣን። የመጀመሪያው ዙር አላማረም፤ ጥርስ ቀየርን። በሁለተኛው ሰዓቱን አይቼ "ስልሳ" አልኩ። ጀማል እጄን ሳም አደረገና ወደ ቢስቲማ ሄደ።

ወር ቢሆነው ነው፣ አንድ የቢስቲማ ነጋዴ ለራሱ ጉዳይ ግቢ ገብቶ ቆሞ ሲያወራ፣ "ያ እናንተ ጋ መኪናውን ያሠራው ጀማል ሞተ እኮ" አለ። ከሐይቅ በኩል ወደ ቢስቲማ ሲሄድ ቁልቁለቱ ላይ፣ ጠመዝማዛው ጋ መኪናው ተገልብጦ። ተሳፋሪዎቹ ተርፈዋል፣ እሱ ሞቷል። "ሰው ሁሉ ሮጦ ነው ይላል" አለ ነጋዴው። "ከጎኑ የነበረው ሰውዬ ግን ቆጣሪው ስልሳ ላይ ነበር እያለ ይምላል። ማን ያምነዋል?"

እንድሪስ ጎንበስ ብሎ ቸርኬ እየፈታ ነበር። ቀና አላለም። የያዘውን ብሎን እስኪጨርስ ፈታና መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠው። 

በማግሥቱ ጠዋት የመሣሪያ ክፍሉ መስኮት ላይ መጥቶ፣ "ረጅሙን ሜትር አውጪልኝ። አንቺም ነይ" አለኝ።

ሜትሩ ሃምሳ ሜትር የሚዘረጋ ጥቅልል ነው። ከአንደኛው ድንጋይ ሥር ጀመርን። እኔ ጫፉን መሬት ላይ እይዛለሁ፣ እሱ እየዘረጋ ይሄዳል፣ ተንበርክኮ በኖራ ያሰምራል፣ እኔ እስከ መስመሩ እሄዳለሁ። መኪና ሲያልፍ ዳር እንይዛለን። ሃያ ጊዜ ስንዘረጋ አንድ ኪሎ ሜትር ይሞላል። ሃያኛውን ጨርሰን ቀና ስንል ሁለተኛው ድንጋይ ገና ፊታችን ነበር፣ ራቅ ብሎ። ወደፊት ሌላ ሁለት ጊዜ ጨምረን ዘረጋን። አሁንም አልደረስንም። አሥራ ሁለት ሜትር ቀረ፤ በድምሩ መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ትርፍ።

እንድሪስ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። ያን ያህል ረዝሞ በአንድ ደቂቃ የሚያልፈው መኪና ስልሳ አይደለም የሚሄደው፤ ስልሳ ሰባት ነው። የገራዶው ሾፌር ስልክ ያለው ቁጥር።

ከማሳው አንድ ገበሬ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡ። "ምን ጠፋባችሁ?" አሉን።

"ይህ ድንጋይ ከድሮም እዚህ ነው?" አልኳቸው።

"ኧረ እሱስ ክረምት ጎርፉ ጥሎት ነበር። የመንግሥት ዕቃ ሜዳ ላይ ተጋድሞ ሲያድር ነውር ነው ብለን እኛው የሰፈሩ ሰዎች አነሳነው። የነበረበትን ቦታ ውኃ በላው። ፈቀቅ አድርገን ጠንካራ መሬት ላይ ተከልነው። ኖራም ቀባነው፣ እንዳይጠፋ።"

ልጮህባቸው አፌን ስከፍት እንድሪስ ክንዴን ያዘኝ። "አላህ ይስጥልን አባባ። ደግ ሠራችሁ" አላቸው። ከሄዱ በኋላ፣ "ምናቸውን ነው የምታመሰግነው?" አልኩት።

"እነሱ የወደቀ አነሱ። ያ ሾፌር ነግሮኝ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።"

"እኔም ስቄአለሁ።"

"ስቀሻል" አለኝ። አላስተባበለልኝም። ለዚህም ነው የማልረሳው።

ከክረምቱ ወዲህ የሠራናቸው መኪኖች አሥራ አራት ነበሩ፤ የጀማል ሲወጣ አሥራ ሦስት። እንድሪስ ሜዳው ላይ በራሱ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ለክቶ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገ። አዲስ ሥራ መቀበል አቆመ። እያንዳንዱን ደውሎ ጠራ፤ ላልመጣው የወተት ጣሳውን ጭኑ ላይ ይዞ በአውቶቡስ ይሄድለታል። የኩታበሩ ባለመኪና ማሳው ውስጥ እንደቆመ ሳቀበት። "ለሰባት ኪሎ ሜትር ነው ይህን ያህል መንገድ የመጣኸው? በሰባት ኪሎ ሜትር ሰው አይሞትም።"

"ሞቷል" አለው እንድሪስ።  ሰውዬው ቁልፉን ሰጠው።

አሥራ ሦስቱንም ጨረሰ። በከተማው ግን ወሬው ሌላ ሆነ፤ እንድሪስ ሥራ ተሳስቶ ሰው ገደለ የሚል፣ እንድሪስ አበደ የሚል። ሰው ወደ ሌላ ጋራዥ መሄድ ጀመረ። እሱ ስለዚህ አንድም ቀን ሲያነሳ አልሰማሁም። አሥራ ሦስተኛው መኪና እንደወጣ፣ "አሁን ቢስቲማ" አለኝ።

በእኛ አገር በእጁ ሰው የጠፋበት ሰው ሽማግሌ ሳያስቀድም የሟችን ደጃፍ አይረግጥም። እንድሪስም ሦስት ሽማግሌ አስቀደመ። የሸህ ይመር ቤተሰብ ግራ ገባው፤ የሚያውቁት ጠላት የላቸውም። ይምጣ ተባለ። እኔም አብሬው ሄድኩ።

ግቢው በር ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ አደረገ፣ ጥፋተኛ እንደሚያደርገው። ተበዳዩ ጥፋቱን ሰምቶ ይቅር ሲል "አውርድ" ይለዋል፤ ደንቡ ይህ ነው። እንድሪስ ግን ሁለት እርምጃ እንኳ አልሄደም። "ኧረ በአላህ፣ ምን አድርገህ ነው" እያሉ ተሯሩጠው ድንጋዩን ከማጅራቱ አወረዱበት። አፉን ሳይከፍት።

ገባንና ተቀመጥን። እንድሪስ ሁሉንም ተናገረ፤ ጎማውን፣ ጥርሷን፣ ድንጋዩን፣ የገራዶውን ሾፌር። "የነገረኝን ሰው ሳልሰማ ልጅዎን አሳስቼ ለቀቅሁት" አለ። "በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ አፉ ይበሉኝ።"

ሸህ ይመር ሰውነታቸው የደቀቀ፣ ድምፃቸው ለስላሳ አዛውንት ናቸው። መስበሃቸውን፣ እኛ መቁጠሪያ የምንለውን፣ እየቆጠሩ ሰሙት። "ልጄ፣ ይህ አጀል ነው" አሉት። "የተጻፈች ቀን አንድ ጀምበር አታልፍም። ቆጣሪ ሰው አይገድልም።"

"አፉ ይበሉኝ።"

"ያልበደልከኝን ምን ብዬ አፉ ልበልህ?"

ሦስት ጊዜ ለመነ። ሦስት ጊዜ በፍቅር መለሱት። ከዚያ ገበታ ቀረበ፤ "ብላ፣ መንገደኛ ነህ" አሉት። እንድሪስ ጉርሻውን በአፉ ይዞ መዋጥ ሲያቅተው አየሁ።

እኔስ? ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ሾፌሩ ላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ ልል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። እሱን እንደዚያ በደግነት ሲመልሱት ሳይ፣ ነገሩ ካለቀ ይለቅ ብዬ ዋጥኩት። ለአሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ ሕግ የማወጣ ሴት፣ ለሰው ነፍስ ጊዜ ዝም አልኩ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ "ደግ ሰዎች ናቸው" አለኝ። ቀጠለና፣ "አልቀበልም አሉኝ። እንግዲህ የት ላድርሰው?" አለ።

ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ይከፈታል እንጂ እንድሪስ አልሠራም። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጸድቶ አይቼው የማላውቀው ጥፍሩ ነጣ። እሱን ሳይ ነው ሰውዬው እንዳለቀለት የገባኝ። መስጊድ ሲሄድ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ የሚያገኘው ሁሉ፣ "አንተ ምን አጠፋህ፣ ራስህን አትጉዳ" ይለዋል። ሲሉት አንገቱን ያቀረቅራል፤ እነሱ የተጽናና ይመስላቸዋል።

አንድ ከሰዓት መሣሪያ እየወለወልኩ ሳለ መጥቶ መስኮቱ ላይ ክንዱን አስደገፈ።

"ሕግ አውጪዋ።"

"አቤት።"

"በድያለሁ አልበደልኩም?"

"በድለሃል" አልኩት። "እኔም በድያለሁ።"

ትከሻው ወረደ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። "አላህ ይስጥሽ" አለኝ። "ግን አፉ ማለቱ ያንቺ አይደለም።"

"አይደለም። የእኔ አይደለም።"

ብዙም ሳይቆይ ጋራዡ ተዘጋ፣ እኔም ደሴ ልጄ ዘንድ ገባሁ። በየወሩ ወርጄ አየው ነበር። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ጉበት ነው አሉ። ዘሐራ፣ "ሌሊት ሌሊት ቁጥር ይቆጥራል፤ ስልሳ ሳይደርስ ይነቃል" አለችኝ። 

ከለቅሶው በኋላ በሦስተኛው ቀን ለማንም ሳልናገር ቢስቲማ ሄድኩ። ሸህ ይመር አጥር ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስሜን ነግሬያቸው ነው ያወቁኝ።

"እንድሪስ ሞተ" አልኳቸው።

"ኢናሊላሂ። ደግ ሰው ነበር።"

"ደግ ነበር። ልጅዎን ግን በድሏል።"

መስበሃው እጃቸው ላይ ቆመ። "ይህን ነገር ያኔ ጨርሰነው ነበር።"

"እርስዎ ጨረሱት እንጂ እሱ አልጨረሰም። ሸህ ይመር፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እርስዎን አጀል ላስተምር አልመጣሁም። አጀሉን አላህ ያውቃል። ቆጣሪውን ግን እኛ እናውቀዋለን። ጀማል ከስልሳ አልወጣም ብሎ ወላሂ ብሎ ነበር፣ እኔ ሰምቻለሁ። የሞተው መሐላውን እንደጠበቀ ነው። መርፌዋ ናት የዋሸችው። እርስዎ እንድሪስ ጥፋት የለበትም ሲሉ፣ ጥፋቱ ማን ላይ ነው የሚያድረው? ሰዉ ጀማልን ምን ይለዋል?"

"ሮጦ ነው ይለዋል" አሉ።  "እኔም በልቤ ሮጦ ነው እለው ነበር። እኔ አባቱ።"

  እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

"እንግዲያው በድሎታል" አሉ።

"በድሎታል።"

"እኔንም በድሎኛል።"

"አዎ።"

"አፉ ብዬዋለሁ። በዱንያም በአኼራም አፉ ብዬዋለሁ።"

እዚያ ላይ ተነስቼ መሄድ እችል ነበር። አልተነሳሁም። ሰዓቱን የያዝኩት እኔ እንደነበርኩ ነገርኳቸው፤ የገራዶው ሾፌር ላይ ከሁሉ በላይ ጮክ ብዬ መሳቄንም።

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። "ያኔ ከእሱ ጎን ተቀምጠሽ፣ ከእኔ ገበታ በልተሽ፣ ዝም ያልሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"እሱ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የመጣው።"

"አዎ።"

መስበሃቸውን መቁጠር ጀመሩ፣ ዞረው እስኪጨርሱት ጠበቅሁ።

"ለእሱ ለመስጠት ይህን ያህል ጊዜ ፈጀብኝ" አሉኝ። "ላንቺ ዛሬ የለኝም።"

"ልክ ነው" አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ቢስቲማ ሄጃለሁ። ሻይ ያቀርቡልኛል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ጀማል ልጆች ትምህርት እናወራለን። ያን ቃል አላሉኝም። እኔም አላስቸኮልኳቸውም።